በሬው ሳይሸጥ

አርሲ ደጋ ውስጥ አንድ ቤተሰብ መቼ እንደወደቀ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የሆስፒታል ካርድ ቢያገላብጥ መልሱን አያገኝም። አባወራው እግሩን ያጣው ኅዳር ላይ ሊሆን ይችላል። ቤተሰቡ የወደቀው ግን ሁለት ወይም ሦስት ወር ቆይቶ፣ በገበያ ቀን፣ ጥንዱ ተፈትቶ አንደኛው በሬ ወደ ከብት ተራ ሲነዳ ነው። ከዚያ ገበያ በፊት የሚደርስ እርዳታና ከዚያ ገበያ በኋላ የሚደርስ እርዳታ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ይኸው ነው።

የአርሲዋ አሰላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በጭላሎ ተራራ ጎን ተቀምጣለች። በምዕራብ በኩል ምድሩ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይወርዳል፤ በምሥራቅ በኩል ጭላሎ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በመካከሉ ያለው ስንዴና ገብስ ነው። ከከተማዋ በስተሰሜን ያለው የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ለአገሪቱ የስንዴ ዝርያ ማውጣት ከጀመረ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። የደጋው ገብስ ደግሞ ወደ አሰላ ብቅል ፋብሪካ ይጓዛል።

ማሽንም ከብዙ የአገራችን ክፍሎች ቀድሞ የገባው እዚህ ነው። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የተቋቋመውና ሕዝቡ «ካዱ» እያለ የሚጠራው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና ብድር ለአነስተኛው ገበሬ ለማድረስ የታሰበ ነበር። ትርፉን ያዩ ባለ ሰፋፊ መሬቶች ትራክተርና ኮምባይነር አስገቡ፤ ብዙ ጭሰኛም ከእርሻው ተፈናቀለ። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ፤ ኮምባይነሩ ግን ከአርሲ አልወጣም። ዛሬ የጥቂት ጥማድ ባለቤት የሆነው ገበሬ ሳይቀር በኩንታል እየከፈለ ያሳጭዳል። በአንድ ሰዓት የሚያልቀው ሥራ ድሮ የቤተሰብና የጎረቤት የቀናት ድካም ነበር። ነገር ግን የማጨጃው አፍ ሲታፈን በእጅ ለመጎርጎር የሚሞክር፣ በሚንቀሳቀሰው ማሽን ላይ ተንጠልጥሎ ጆንያ የሚይዝ፣ በጨለማ ዳገት ላይ እህል በጫነ ተሳቢ የሚወርድ ሰው አደጋው አጠገቡ ነው። በዚህ ላይ የመኪናው መንገድ፣ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ የሚወጋው ኮርማ፣ የሚጥለው ፈረስ አለ።

ነገሩ እንዲታይ አንድ ቤተሰብ በሐሳባችን እናቁም። ባልና ሚስት፣ አራት ልጆች፣ ስድስት ጥማድ መሬት፣ ማለትም አንድ ሄክታር ተኩል ያህል፣ ጥንድ በሬ፣ አንዲት ላም፣ ጥቂት በግ። በደህናው ዘመን ከሄክታር 30 ኩንታል ስንዴ ቢገባ ጎተራው 45 ኩንታል ያያል። አባትየው በመኸር አጨዳ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ እንበል።

የመጀመሪያው ወጪ ሕክምናው ብቻ አይደለም። ወደ አሰላ ለመውረድ መኪና ይከራያሉ። አስታማሚ አብሮ ይሄዳል፤ አስታማሚው ይበላል፣ የሚያድርበትም ይፈልጋል። ወደ አዳማ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ከተጻፈ ወጪው ይባዛል። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን መታወቂያ ያለው ቤተሰብ የሕክምናው ዋጋ ይቀነስለታል። የአስታማሚውን ዳቦና የመኪናውን ኪራይ ግን መድኑ አይሸፍንም። መጀመሪያ በጎቹ ይሸጣሉ። ቀጥሎ ለዘር የተቀመጠው ስንዴ ይወጣል። ከዚያ የበሬው ተራ ይደርሳል።

አንድ በሬ መሸጥ ከተሜው እንደሚያስበው የሀብት ግማሽ ማጣት አይደለም። ሞፈርና ቀንበር የሚጎተተው በጥንድ ነውና ብቻውን የቀረው በሬ አያርስም። ባለ አንድ በሬው እንደ እርሱ ባለ አንድ በሬ የሆነ ሰው ፈልጎ በመቀናጆ ማረስ አለበት፤ ዝናቡ ሲመጣ ሁለቱም መሬታቸውን በአንድ ሳምንት ማረስ ይፈልጋሉ፤ አንደኛው መዘግየቱ አይቀርም። መቀናጆውም ቢሆን እርፍ የሚይዝ እጅና በትልም ውስጥ የሚራመድ እግር ይፈልጋል። በአብዛኛው ደጋ ሴት እርፍ እንድትይዝ ልማዱ አይፈቅድም። ልጆቹ ካልደረሱ የሚቀረው መንገድ መሬቱን የእኩል መስጠት ነው። ያን ጊዜ 45 ኩንታሉ 22 ተኩል ይሆናል፤ ከዚያም ላይ የማዳበሪያው ድርሻ ይነሣል።

ገንዘብ በአንድ ጊዜ የፈለገ ቤተሰብ ደግሞ መሬቱን ለዓመታት በኮንትራት ይሰጣል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የኦሮሚያ የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬው ከይዞታው ከግማሽ በላይ እንዳያከራይ፣ በባህላዊ መንገድ ለሚያርስ ተከራይም ከሦስት ዓመት በላይ እንዳይሰጥ ገደብ ያበጀው እንዲህ ላለው የጭንቅ ውል ነው ማለት ይቻላል። በሥቃይ ላይ ያለ ሰው የሚፈርመው ውል ለተዋዋዩ እንጂ ለእርሱ አይበጅም። እውነተኛ ወዳጅ በዚህ ሰዓት የሚሠራው ትልቅ ሥራ ገንዘብ ከመስጠትም ይቀድማል፤ «ስድስት ወር ሳይሞላ ምንም ወረቀት አትፈርሙ» ብሎ ቤቱ ውስጥ መቀመጥ ነው።

ሌላም ቀድሞ መዳን የሚችል ነገር አለ። አጥንት ሲሰበር ብዙው ሰው የሚሮጠው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻ ቅርብ ነው፤ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ቃሉም ያጽናናል። ብዙ ስብራትም በወጌሻ እጅ ድኗል። መከራው የሚመጣው በቀርከሃ ወይም በእንጨት የታሰረው ክንድና እግር ሲያብጥና እስሩ ሳይላላ ሲቀር ነው። ደም ያልደረሰው ጡንቻ በስድስት ሰዓት ገደማ መሞት ይጀምራል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ሲነኳቸው ካልተሰማቸው፣ ሕመሙም ከስብራቱ በላይ ከሆነ እስሩ እዚያው መፈታት አለበት፤ ሌሊት ነው ተብሎ ለነገ የሚቆይ ነገር አይደለም። እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ለወጌሾች የተሰጠ የአንድ ቀን ሥልጠና በአካባቢው የሚቆረጠውን እጅና እግር በግልጽ እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2005 በቀዶ ሕክምና መጽሔት ታትሟል። ወጌሻን ከማባረር ወጌሻን ማሠልጠን ይሻላል የሚለውን ሐሳብ ይህ ጸሐፊ ሙሉ በሙሉ ይደግፋል፤ ምክንያቱም ሰዉ ነገም የሚሄደው ወደ እርሱ ነው።

ሕግስ ለተጎዳው ምን ይሰጠዋል? መልሱ ሰውየው ማን እንደነበረ ይጠይቃል። የፋብሪካ ሠራተኛ ከሆነ፣ ወይም የኮምባይነር ባለቤት በደመወዝ የቀጠረው ረዳት ከሆነ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከጎኑ ነው። ሕክምናውን አሠሪው ይሸፍናል። መሥራት ባልቻለባቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ በቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ በተከታዮቹ ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል። ዘላቂና ሙሉ የአካል ጉዳት ከደረሰበት፣ የመድን ወይም የጡረታ ሕግ ሌላ ካላዘዘ በቀር፣ ካሳው የአምስት ዓመት ደመወዙ ነው። ጉዳቱ ከፊል ከሆነ በዚያው ልክ ይሰላል። ብዙ የቀን ሠራተኞች የጽሑፍ ውል ስለሌላቸው ብቻ መብት የሌላቸው ይመስላቸዋል፤ ውል በቃልም ውል ነው።

በመኪና የተገጨ ሰው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን አለው። አዋጁ ሲወጣ ለአስቸኳይ ሕክምና እስከ 2,000 ብር፣ ለአካል ጉዳት ካሳ እስከ 40,000 ብር ተወስኖ ነበር። ገጭቶ ያመለጠ መኪና ቢሆን እንኳ ለዚሁ የቆመ ፈንድ አለ። ይህን ለማግኘት ግን የፖሊስ መዝገብና የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል። በአርሲ ሽማግሌዎች ገጪንና ተገጪን ማስታረቃቸው የተለመደ ነው፤ ዕርቁም ሰላም ያወርዳል። ዕርቅ ስለወረደ ማስረጃው ሳይያዝ መቅረት የለበትም።

በገዛ እርሻው ላይ የተጎዳው ገበሬ ግን ከሁለቱም ውጭ ነው። አሠሪ የለውም፣ ገጪም የለውም። የሚከሰሰውም የሚከፍለውም አንድ ሰው፣ እርሱ ራሱ ነው። እንደ ዶዶታ ባሉ የአርሲ ቆላማ ወረዳዎች ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የሚሠራ ጉልበት ለሌለው ቤተሰብ ያለ ሥራ ቀጥተኛ ድጋፍ ይሰጣል። ደጋው ግን የጥጋብ አገር ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ጉዳቱ በሙላቱ መካከል ተደብቆ ይቀራል።

የመንግሥት እጅ በማይደርስበት ቦታ የሰው እጅ አለ። ሰው በተጎዳ ማግስት ጎረቤት ምግብ ይዞ ይመጣል፤ «እንኳን ነፍስህን አተረፈልህ» ይላል፤ የቆመ አዝመራ ካለ በጂጊ ወይም በደቦ ይሰበስብለታል። ይህ የመጀመሪያው ወር ነው። በሦስተኛው ወር ጠያቂው ይሳሳል። እድሩም ቢሆን ድንኳኑ፣ ዕቃውና ገንዘቡ የተሰናዳው በአብዛኛው ለሞት ነው። አባወራው ቢሞት ቤተሰቡ በመተዳደሪያ ደንቡ የተጻፈውን ገንዘብ ያገኝ ነበር፤ እግሩን አጥቶ ሲተርፍ ግን ብዙ እድሮች ደንብ የላቸውም፣ መዋጮ ይለምናሉ እንጂ። በሕይወት የተረፈው ሰው የሚበላ፣ የሚታከም፣ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ነው። ይህ ክፍተት በአንድ ጠቅላላ ጉባኤ ሊዘጋ ይችላል።

ከእድር ይልቅ ለዚህ የተሠራው ሥርዓት በኦሮሞ ባህል ውስጥ ያለው ቡሳ ጎኖፋ ነው። ከብቱን በድርቅ፣ በበሽታ ወይም በዘረፋ ያጣ ሰው ጉዳዩን ለጎሳው ሽማግሌዎች ያቀርባል። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የሚያጣሩት ንብረቱ እንዴት እንደጠፋ ነው፤ በስንፍና ወይም በብክነት የጠፋ ከሆነ ጥያቄው ክብደት አያገኝም። እውነተኛ ችግር መሆኑ ከታወቀ ማን ምን እንደሚያዋጣ ይደለደላል፤ አንዱ ጊደር፣ አንዱ በግ፣ አንዱ ወተት የምትታለብ ላም። ተቀባዩ ዕዳ የለበትም። እግሩ ሲቆም ግን ለሌላ ለወደቀ ሰው ማዋጣት ግዴታው ይሆናል። የኦሮሚያ ክልልም በቅርብ ዓመታት ይህንኑ ስም ለእርዳታና ለመልሶ ማቋቋም ተቋሙ አውጥቶለታል። ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ዳባሬ የሚባል ልማድም በከብት አርቢው ዘንድ አለ፤ ባለ ብዙ ከብቱ የምትታለብ ላም ለደኸየው ቤት ይሰጣል፤ ወተቱ የቤቱ ልጆች ነው፣ ላሟና ጥጃዋ የባለቤቱ።

የእነዚህ ልማዶች ጥበብ ሊስተዋል ይገባል። ለቤቱ የሚገባው የሚበላና የሚያልቅ ነገር ሳይሆን የሚታለብና የሚወልድ ነገር ነው። ሰጪውም አንድ ሰው አይደለም፤ በመሆኑም ተቀባዩ የአንድ ሰው ባሪያ አይሆንም።

አብዛኛው የአርሲ ሕዝብ ሙስሊም ነውና ዘካም አለ። በዝናብ የበቀለ እህል ከተወሰነው መጠን ሲደርስ አንድ አሥረኛው የዘካ ድርሻ ነው፤ ከሚገባቸው ሰዎች መካከል ድሃውና ዕዳ የከበደው ተቆጥረዋል። ዘካው የሚወጣው እህሉ በተሰበሰበበት ሰሞን፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ መሆኑ ደግሞ የመኸር አደጋ ከሚደርስበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። በየቤቱ በጣሳ ተበታትኖ የሚሰጠው የአንድ ቀበሌ ዘካ ለአንድ ዓመት ያህል እንኳ አንድ ላይ ቢሰበሰብ የአንድን ቤት በሬ ከገበያ መልሶ ያስገባል።

አሁን ወደ ሰውየው እንመለስ። ቁስሉ ድኖ እብጠቱ ሲጎድል ሰው ሠራሽ እግር ይለካል። አሰላ ራሷ የአካል ተሐድሶ ማዕከል አላት። በኢትዮጵያ ማዕከላት የሚሠራው እግር በአብዛኛው ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ባስፋፋው ፖሊፕሮፒሊን በሚባል ፕላስቲክ ነው፤ አይዝግም፣ ጭቃና ዝናብ አይፈራም፣ ዋጋውም ከውጭ ከሚመጣው ያንሳል። እግሩ ከተሰጠ በኋላ በባለሙያ እየታገዙ መራመድ መማር ያስፈልጋል። አካል ሲለወጥ እግሩም ይላላል ወይም ይጠባል፤ በጥቂት ዓመታትም ያረጃል፤ ለሚያድግ ሕፃን ደግሞ በየወራቱ ይቀየራል። ብዙ ሰው ወደ ማዕከሉ የማይመለሰው እግሩን ስለጠላው ሳይሆን የመኪናና የአልጋ ገንዘብ ስለሌለው ነው። ስለዚህ ለተጎዳ ቤተሰብ የሚያዋጡ ሰዎች ለእግሩ ብቻ ሳይሆን ለመመላለሻውም ማዋጣት አለባቸው።

አርሲ የእግር አገር ናት። ኃይሌ ገብረሥላሴ ከአሰላ፣ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከበቆጂ ወጥተዋል። እግር ክብር በሆነበት ምድር እግር ማጣት ከሌላው ቦታ የበለጠ ያሳፍር ይሆናል። ከእነዚህ ሁሉ በፊት የሮጠው አበበ ቢቂላ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. መኪናው ተገልብጣ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ ኖርዌይ ሄዶም በበረዶ ላይ በተንሸራታች ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 1966 ዓ.ም. ዐረፈ። የአበበ ታሪክ የሚነገረው ስለ ጽናቱ ነው፤ ይገባዋል። ግን ሌላም ነገር ያሳያል። አበበ ሐኪም አገኘ፣ ቶሎ ወደ ተሐድሶ ገባ፣ ቤቱም አልተበተነም፤ ንጉሠ ነገሥቱና አገሪቱ ከኋላው ነበሩ። ጽናት የሌለው ገበሬ የለም። የጎደለው ቀሪው ነው።

ከዚህ በኋላ ትልቁ ጥያቄ ቤተሰቡ በምን ይቁም የሚለው ነው። በጎ አድራጊ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስበው ሱቅ ነው። በአራት ጎጆ መካከል ተከፍቶ በዱቤ የሚያልቅ ሱቅ ግን ዕድሜ የለውም። ደግሞም ሰውየው ነጋዴ አልነበረም። እግሩ ቢሄድ ዕውቀቱ አልሄደም፤ የትኛው ዘር የትኛውን መሬት እንደሚወድ፣ ዋግ መቼ እንደሚነሣ፣ ጥሩ በግ በምን እንደሚለይ ያውቃል። እርዳታው መነሣት ያለበት ከዚህ ነው።

በዚህ ረገድ ከአገራችን የተገኘ ጠንካራ ማስረጃ አለ። በባንግላዴሽ ብራክ በተባለው ድርጅት የተጀመረው እጅግ ድሃ ቤተሰቦችን የማቋቋም ዘዴ ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት አገሮች፣ በ10,495 ሰዎች ላይ ተፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2015 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ታትሟል። ከአጥኚዎቹ መካከል በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኙት አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ነበሩ። በኢትዮጵያ ሥራው የተካሄደው ትግራይ ውስጥ ነው። ለቤተሰቡ የሚሰጠው አንድ ነገር አልነበረም፤ ከብት ወይም ሌላ ሀብት፣ ሀብቱን እንዳይበላው ለጊዜው የሚሆን ስንቅ፣ ሥልጠና፣ ቁጠባና የሚመላለስ ጠያቂ በአንድነት ነበሩ። ፕሮግራሙ ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላም መሻሻሉ አልጠፋም። ጥናቱ በአካል ጉዳተኞች ላይ የተደረገ አይደለም፤ ትምህርቱ ግን ለእነርሱም ይሠራል። ስንቅ ያልተጨመረለት በግ በሁለተኛው ወር ይታረዳል ወይም ይሸጣል።

ለአርሲ ደጋ የሚስማማው መጀመሪያ በግ ማድለብ ይመስላል። ሦስት ወር ገደማ ይበቃዋል፤ ለአረፋ፣ ለመስቀል ወይም ለፋሲካ ታስቦ ይጀመራል፤ ገለባው ከራስ እርሻ፣ ፉርሽካው ከከተማ ይገኛል፤ በረት ውስጥ ስለሆነም አንድ እግር ያለው ሰው ይችለዋል። የተዳቀለች ላም ከካዱ ዘመን ጀምሮ ለአርሲ እንግዳ አይደለችም፤ ወተቷም አሰላ ገበያ አለው። ግን መኖ ትፈልጋለች፣ ሐኪም ትፈልጋለች፣ ስትሞትም ብቻዋን አትሞትም፣ የቤቱን ተስፋ ይዛ ትሄዳለች። ከዕዳ ባልወጣ ቤት ውስጥ አንዲት ውድ ላም ከማስገባት አምስት በግ ይቀላል።

ሚስትየዋስ? ከአደጋው ቀን ጀምሮ አስታማሚም፣ ገበሬም፣ እናትም እርሷ ናት። እርዳታ ሲመጣ ግን ስም የሚጻፈው የባልየው ነው። ገንዘቡንም ሥልጠናውንም ለእርሷ ጭምር ያላደረገ ድጋፍ ሥራውን የሚሠራውን ሰው ዘሎ ያልፋል። ትልቋን ልጅ ከትምህርት ቤት አስቀርቶ እንጨትና ውኃ ማስቀዳት በመጀመሪያው ዓመት የሚደረግ፣ ከዚያ በኋላ ግን የማይመለስ ነገር ነው፤ ጎረቤት ውኃ ቢቀዳ ልጅቷ ትማራለች።

በአርሲ ደጋ ለመኸሩ ስንዴ መሬቱ በበልግ ዝናብ መታረስ ይጀምራል፤ ዘሩ ሰኔና ሐምሌ ላይ ይወድቃል። ሰው ኅዳር ላይ ከተጎዳ እስከ ሚያዝያ አምስት ወር አለ። በእነዚህ አምስት ወራት ውስጥ የሚያስፈልገው ዝርዝሩ አጭር ነው፦ በሬዎቹን የሚቀልብና የሚጠብቅ ሰው፣ መሬቱን ለአንድ ወቅት በደቦ የሚያርስ ቡድን፣ የዘሩን ስንዴ ከሽያጭ የሚያድን ብድር፣ የአስታማሚው ስንቅ። ይህን የምታነቡ ሁሉ የእድር አባል ከሆናችሁ፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ አንድ አጀንዳ አስይዙ፤ አባል ሳይሞት አካሉ ሲጎዳ እድራችን ስንት ይከፍላል፣ በስንት ቀን ውስጥ ይከፍላል? መልሱ በደንቡ ላይ ይጻፍ።